ገጽ አሥራ ሁለትን ላነበቡት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የውጭ ዜጎች መኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በትጋት ስለ መነበባችን ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? በተለይ ስለ ዓይንዎ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ የአርባ ሰባት ገጽ ሰነድ ውስጥ ገብቶ፣ ከገጽ አሥራ ሁለት ሦስተኛ አንቀጽ ላይ አንዲት ሴት ለቅሞ የሚያወጣ ዓይን ክፉ እንዳይነካው መመኘት የማንኛውም ቅን ዜጋ ግዴታ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ከቢሮዎ በር አጠገብ ያለው ባለ ሰፋፊ ቅጠል ተክልም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ለስድስት ወር የተግባር ልምምድ የተመደብኩት በአንድ የስደተኞች መብት ተሟጋች ድርጅት ውስጥ፣ የፖሊሲ ውትወታ ክፍል በሚባለው ነው። ክፍሉ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለ፣ አልዘጋ ያለ አንድ መስኮት፣ ሦስት ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለው ሲሆን ሦስተኛው ሰው ቆሞ ይወተውታል። እናቴ የክፍሉን ስም ስትሰማ «አንቺ መወትወት መች አቅቶሽ ያውቃል? ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ?» ብላኝ ነበር። ያን ቀን ስቄያለሁ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ መሥሪያ ቤትዎ ከሦስት ወር በፊት የቆይታ ወረቀትን የሚመለከት ረቂቅ መመሪያ አውጥቶ «ባለድርሻ አካላት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አስተያየታችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እንጋብዛለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። የቆይታ ወረቀት ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ ልንገርና፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ስደተኛም ሆነ ሌላ የውጭ ዜጋ በየሦስት ወሩ እየሄደ የሚያሳድሳት፣ የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት ናት። የረቂቁ አንቀጽ ዘጠኝ ይህች ወረቀት ለአንድ ቀን እንኳ ካለፈች፣ ያለፈችው ከመመሪያው በፊት ቢሆንም፣ ባለቤቷ ከአገር ይውጣ ይል ነበር። አሁንም ይላል፤ ጸድቋልና።

በአንቀጽ ዘጠኝ ላይ የሚቀርበውን ትችት እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ጠበቃ ሲሆን በቢሯችን «ነጠላ ሰረዝ» እየተባለ ይጠራል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ የሚያርመው «እሳት፣ እሳት» በሚለው ጩኸት መሃል ያለውን ሥርዓተ ነጥብ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን ቁጥርና ሠንጠረዥ ሞልቼ ብወስድለት «ቁጥር ማንንም አያስለቅስም፤ ሰው አሳያቸው» አለኝ። እኔም ሰው አሳየሁ።

ያሳየኋት ሰው ልብስ ሰፊ ናት። ታሪኳን ልትነግረኝ ቢሯችን በመጣች ጊዜ እጇ ሥራ መፍታት ስለማይችል፣ እያወራችኝ የጃኬቴን የላላ ቁልፍ አጥብቃ ሰፋችልኝ። መርፌዋን በግራ እጇ ይዛ ነበር። የፈቃደኝነት ቅጹን ሳስፈርማት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስሜ አይገባም አይደል?» አይገባም አልኳት። አልዋሸኋትም፤ ስሟ አልገባም። ያልገባው ስሟ ብቻ ነው።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለደኅንነቷ ሲባል ስሟ የማይጠቀስ፣ በዚህች ከተማ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች፣ የደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት የምትሠራ አንዲት ግራኝ ልብስ ሰፊ፣ ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ለእድሳት ተዘግቶ በነበረበት ወቅት ወረቀቷ ለአሥራ ሰባት ቀን አልፎባታል። በረቂቁ መሠረት ይህች ሴት ባላጠፋችው ጥፋት ልትባረር ነው።» ግራኝ የምትለዋ ቃል ለክርክሩ አታስፈልግም ነበር። አንባቢው እንዲያያት ብዬ ነው የጨመርኳት፤ ስጨምራትም ደስ ብሎኝ እንደነበር ከክቡርነትዎ አልደብቅም። ነጠላ ሰረዝ ያንን አንቀጽ ሲያርም አራት ነጠላ ሰረዝ አስገባ እንጂ ሴትዮዋን አላያትም። ነገር በምሳሌ ይባላል፤ ምሳሌዬ ግን ቤትና ልጅ ያላት፣ ደጇ ሊንኳኳ የሚችል ሰው መሆኗን የረሳሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ተራ እንደሚወድ ስለማውቅ ነው።

፩. ስላነበቡን። ድርጅታችን ባለፉት ዓመታት ሠላሳ አንድ አስተያየት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ልኳል። መልስ መጥቶ ስለማያውቅ የሕንጻችን ዘበኛ «እዚያ የሄደ ወረቀት የበር መደገፊያ ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም እናምናቸው ነበር። በድለንዎታል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። በዚህኛው ሰነድ ሃያ ሁለት የማሻሻያ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ከሃያ ሁለቱ ተቀባይነት ያገኘ የለም፤ ከምሳሌዎቹ ግን አንዷ ተቀባይነት አግኝታለች። እኔ አስተያየት ማለት ሐሳብ መስጠት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ማየትም ኖሯል። እኛ አስተያየት ሰጠን፣ መሥሪያ ቤትዎ አየ። ሕግ የተማርኩት አራት ዓመት ነው፤ አማርኛውን ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት።

፪. ስለ አዳራሹ እድሳት። ባለጉዳይ የሚስተናገድበት አዳራሽ «ለተሻለ አገልግሎት ለጊዜው ዝግ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ለሃያ አንድ ቀን ተዘግቶ እንደነበር ያስታውሳሉ። ልብስ ሰፊዋ በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ሄዳ አንኳኩታለች። ስድስቱንም ጊዜ ጫማው ላይ ኖራ የተንጠባጠበበት ጥበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ «እትዬ፣ ማስታወቂያውን አንብቢ እንጂ» እያለ መልሷታል። ወረቀቷ ያለፈባት እንግዲህ ቤቷ ተኝታ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤትዎ ደጅ ቆማ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ማንም ከገዛ ራሱ ጥፋት ተጠቃሚ ሊሆን አይገባም የሚል መርሕ ተምረን ነበር። ፈተናው ላይ ከፍተኛ ውጤት አምጥቼበታለሁ፤ አሁን ውጤቴ እንዲቀነስልኝ ለማመልከት እያሰብኩ ነው።

፫. ስለ መስኮት አራት። አዳራሹ በተከፈተ ዕለት ወረቀቷን ተቀብለው፣ ቀኑን አይተው፣ እሷንም ቀና ብለው አይተው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የማደሻ ማኅተም ያሳረፉት የመስኮት አራት ጸሐፊ አሁን ምድር ቤት ወዳለው የመዝገብ ክፍል እንደተዛወሩ ሰማሁ። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ከፀሐይና ከባለጉዳይ ፊት ስላሳረፏቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያለፈ ወረቀት ማደሳቸው የታወቀው በገጽ አሥራ ሁለት ምክንያት ነውና፣ ለእሳቸው የሚገባው ይቅርታ ግን ከእርስዎ ሳይሆን ከእኔ ነው፤ ቀን ሙሉ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠብቄያቸው ሲወጡ ማነጋገር ፈርቼ ተመልሻለሁ።

፬. መሥሪያ ቤትዎ ለልብስ ሰፊዋ ስለላከው ደብዳቤ። እጅግ የተከበረ ደብዳቤ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከመስኮት አራት ፊት ቀርባ እንድትሸኝ፣ ከሃያ ኪሎ ያልበለጠ ጓዝ እንድትይዝ ይጠይቃል፤ መልካም ጉዞም ይመኛል። የስፌት መኪናዋ ብቻዋን ከሃያ ኪሎ በላይ ስለምትመዝን፣ መኪናዋን ትታ ልጇን ትይዛለች ወይስ ሌላ መላ አለ የሚለውን ደብዳቤው አላብራራም። እንዴት እንደተገኘች ግን በግልጽ ያብራራል፦ «ከተሟጋች ድርጅቱ በቀረበው አስተያየት ገጽ አሥራ ሁለት መነሻነት በተደረገ ማጣራት፣ በከተማዋ በዚህ ሙያ የተሰማራ ሌላ ግራኝ አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፣ የተጠቀሰችው ግለሰብ እርስዎ መሆንዎ ታውቋል» ይላል። ስንት ስፌት ቤት ተዞሮ ይሆን! ስንት ሰው «እስኪ ሰፍተህ አሳይ» ተብሎ ይሆን! ለአሥራ አንድ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዋን ገልጦ ለማየት ጊዜ ያጣ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጊዜ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው።

ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። «እቺ ገጽ አሥራ ሁለት የሚሏት የትኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ማንበብ ስለሚያስቸግራት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላት፤ ከነአራቱ ነጠላ ሰረዝ ሳትሳሳት ነው ያነበበችው። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እማዬን ልክ ራሷን አድርገሽ ነው የጻፍሻት» አለችኝ፣ እያደነቀችኝ።

ክቡርነትዎ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩ ወለምታ በምን እንደሚታሽ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለችው ሴት በእውን የለችም፣ ፈጥሬ ነው የጻፍኳት ብዬ ልምልልዎ ወስኜ ደብዳቤውንም ጽፌ ነበር። ከመላኬ በፊት ነጠላ ሰረዝ አገኘው። አንብቦ ሲጨርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ነጥብ ሳያርም ቀደደው። «ይኼ እሷን አያድናትም፤ ማኅተሙ መዝገብ ላይ አለ። አንቺን ግን ይጨርስሻል» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከድጡ ወደ ማጡ ልገባ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

፭. ስለ አንቀጽ ዘጠኝ ንዑስ አንቀጽ ሦስት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያነበበውን መልሶ ያነባልና፣ የጸደቀውን መመሪያ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። በረቂቁ ላይ ያልነበረች አንዲት ንዑስ አንቀጽ ተሸጉጣ አገኘሁ። ወረቀቱ ባለፈበት ጊዜ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በአስቸኳይ ሥራ ላይ የነበረ መሆኑ በሚጨበጥ ማስረጃ የተረጋገጠለት ሰው አይባረርም ትላለች። የአዳራሹን ወለል ሊያነጥፉ ለመጡት የውጭ አገር መሐንዲሶች ታስባ እንደገባች አልጠራጠርም፤ የእነሱም ወረቀት በዚያው በተዘጋው በር ምክንያት አልፎ ነበርና። ለማንም ትግባ፣ ገብታለች፤ የፈረሙባትም እርስዎ ነዎት።

ንዑስ አንቀጿን ለልብስ ሰፊዋ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ «ታዲያ እኔስ ያን ጊዜ የማንን ልብስ ስሰፋ ነበር?» አለችኝ።

የእርስዎን ነበር፣ ክቡርነትዎ።

ለአዳራሹ ምረቃ አዲስ የደንብ ልብስ በአስቸኳይ እንዲሰፋ ያዘዘው መሥሪያ ቤትዎ ነው፤ የታዘዘውም እሷ የምትሠራበት ስፌት ቤት ነው። የጥበቃዎቹ በመኪና ተሰፋ። የእርስዎ ኮት ግን ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ገበሩ በእጅ መሰፋት ነበረበት፤ በእጅ ስፌት ደግሞ ከእሷ የሚወዳደር ስለሌለ ለእሷ ተሰጠ። ጠዋት የመሥሪያ ቤትዎን በር አንኳኩታ ትመለስና፣ ከሰዓት ኮትዎን ትሰፋ ነበር። «ገበሩን ገልብጦ ያየ ሰው ያውቀኛል» አለችኝ፤ «የኔ ስፌት እንደ ሰው ስፌት አይተኛም፤ ዞሮ ነው የሚተኛው። ልጅ ሆኜ ስንት ተገርፌበታለሁ።»

የስፌት ቤቱን ባለቤት አንዲት የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፍልን ለመንነው። «እህቴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ሥራ የሚሰጠኝ መሥሪያ ቤት ላይ ልመስክር?» ብሎ የትእዛዝ መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። አልፈረድኩበትም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ይህን ተረት እኔም ከሦስት ወር በፊት ባስታውሰው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ስለዚህ የሚጨበጥ ማስረጃ ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው፤ በእጅዎ እንኳ አይደለም፣ በትከሻዎ ላይ ነው። ኮቱ መቼ እንደተሰፋም ቢሆን ምስክሩ እርስዎ ነዎት። በምረቃው ዕለት ሪባን ከመቁረጥዎ በፊት «ይህ አዳራሽም ሆነ ይህ የለበስኩት የደንብ ልብስ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ከምንም ተነሥተው የተጠናቀቁ ናቸው» ብለው ተናግረዋል። ንግግርዎ ከነፎቶግራፍዎ በመሥሪያ ቤትዎ መጽሔት ገጽ ሦስት ላይ ታትሟል። ገጽ ማንበብ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ያንን ኮት ለብሰው ወደ መስኮት አራት ይውረዱ፤ እዚያው ያውልቁትና ገበሩን ይገልብጡት። እሷ መርፌና ክር ይዛ ትመጣለች፤ ሁለት ጣት የምታህል ጨርቅ ላይ ትሰፋልዎታለች፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይዩ። ያ ዓይንዎ ለዚህ አያንስም። እኔም እዚያው ቆሜ እገኛለሁ፤ የሚቀጣ ሰው ካስፈለገ ገጽ አሥራ ሁለትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የምሄደውም የትም አይደለም።

እየቀለድኩ አይደለም፣ ክቡርነትዎ። እስካሁን ስቀልድ የቆየሁት ይህችን መስመር እስክደርስ ብዕሩን እንዳልጥለው ብዬ ነው። አራት ቀን ቀርቷል፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልቀቂያ ውሰጂ ተብላ ለጓደኞቿ እየተሰናበተች ነው። እባክዎ።

ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት። አንድ ጊዜ የተሳሳትኩትን ሁለተኛ አልሳሳትም ብዬ፣ ግራኝ የሚለውን ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ተይው» አለችኝ፤ «አሁንማ የቀረኝ እሱ ነው።»

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ደህና ዓይንና በልክ የተሰፋ ልብስ እየተመኘሁልዎ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሳትታክት የምትወተውትዎ፣
ስሟ ለደኅንነቷ ሲባል ያልተጠቀሰ፣ ነገር ግን በማጣራት በቀላሉ የምትገኝ
የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለመስኮት አራት
ምድር ቤት ላለው የመዝገብ ክፍል
ለኮትዎ ገበር (ሲገለበጥ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮቱ እስከ ሰኞ ድረስ ለጥገና ወደ ሌላ ስፌት ቤት እንዳይላክ፣ ገበሩም እንዳይቀየር በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። ከአማካሪዎችዎ አንዱ «ይህን ሌላ ግራኝ ሰፍቶት ቢሆንስ?» ብሎ ያስቸገረዎ እንደሆነ ለልብስ ሰፊዋ የላኩላትን ደብዳቤ ያሳዩት፤ በከተማዋ በዚህ ሙያ የተሰማራ ሌላ ግራኝ አለመኖሩ ተረጋግጧል ይላል፣ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለ። ስላጣሩልን እናመሰግናለን።